ስድሳ አንገት

ቤተሰቡ ለምንዬ ይላታል። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «ለምን?» ማለት ስለማይሰለቻት የወጣላት ስም ነው። እንዲህ ያለ ምላስ ይዛ ሶሺዮሎጂ ባታጠና ነበር የሚገርመው። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው፣ ትንሽ ነው፤ የእሷ ትምህርት ክፍል ደግሞ ከትንሽም ትንሽ። ተማሪው አሥራ አንድ፣ መምህሩ አራት፣ ፕሪንተሩ አንድ። እሱም የሚሠራው ደስ ሲለው ነው።

አጎቷ የእናቷ ወንድም ነው፤ ሰፈራቸው ጥግ ላይ የወንዶች ፀጉር ቤት አለው። ለመመረቂያ ጽሑፏ «በሰፈር ነዋሪዎች መካከል ያለ መተማመን» የሚል ርዕስ መምረጧን ስትነግረው መቀሱን አስቀምጦ አያት።

«ስትጨርሺ ታዲያ ሥራሽ ምንድነው?»

«ሰው ማጥናት።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጠና ዲግሪውን ማን ሰጠኝ?»

እንዲህ ይበል እንጂ ለእህቱ ልጅ የማይሆነው የለም። ፈተና ሰቅዞ ይዟት በየቤቱ መዞር ባቃታት ሰሞን ስድሳ መጠይቅ አምጥታ ለእሱ ሰጠችው። ሥራው ቀላል ነበር፤ ለሰፈሩ ስድሳ አባወራ ማደል፣ እያንዳንዱ ቤቱ ወስዶ ለብቻው ሲሞላ መልሶ መሰብሰብ። «ይሄማ ምን ጣጣ አለው፤ ለኔ ተዪው» አላት። በሁለተኛው ሳምንት ስድሳውም ተሞልቶ፣ በላስቲክ ታስሮ መጣላት። አንድም አልጎደለም።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር ኮምፒውተር ላይ ተጣዱ። ጓደኛዋን ተማሪው ሁሉ ሠንጠረዥ ነው የሚላት፤ ቁጥር ስታይ ፊቷ የሚበራ ልጅ ናት። ለምንዬ ታነባለች፣ ሠንጠረዥ ትመዘግባለች። «ጎረቤቶቼን አምናለሁ» ለሚለው፣ በጣም እስማማለሁ። ቀጣዩም በጣም እስማማለሁ። የሚቀጥለውም እንደዚሁ። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ሠንጠረዥ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«ስሚ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ የሚከራይ ቤት አይጠፋም?»

ለምንዬ መሳቅ አልቻለችም። ወረቀቶቹን ገለባበጠች። ምልክቱ ሁሉ በአንድ ወፍራም እርሳስ፣ በአንድ እጅ የተደረገ ነው። በየገጹ መሀል ቁርጥራጭ ፀጉር አለ። አንዱ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል። በአጥር ተጣልተው ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ያቋረጡት ሁለቱ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ከቤት ቁጥራቸው እንደለየቻቸው፣ በጣም ይተማመናሉ። ክው አለች። ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

«ጋሼ፣ መጠይቁን ማነው የሞላው?»

«ራሳቸው ናቸዋ! እኔ አነብላቸዋለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ወረቀት ቤቱ ወስዶ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«መቼ ነው የምታነብላቸው?»

«ጢማቸውን ስላጭ። ሌላ ጊዜማ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው የት ይገኛል?»

«ምላጩስ?»

«ምላጩማ አንገታቸው ላይ ነው። ግን ሁሉም በሙሉ ፈቃደኝነት ነው የመለሱት። አንድም ሰው አልተነቃነቀም!»

ትሳቅ ታልቅስ ጠፋት። ጽሑፉ የሚገባው ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈ ምረቃው ለከርሞ ነው። እናቷ ደግሞ ለምረቃው የምትለብሰውን ቀሚስ ከወዲሁ አሰፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላዋለች። ለምንዬ ከልቧ ፈራች።

ሠንጠረዥ መላ አላጣችም። «አሥር ደቂቃ ስጪኝ» አለቻት። «እዚህ ጋ አንድ አልስማማም፣ እዚያ ጋ ሁለት እርግጠኛ አይደለሁም ጣል ጣል አድርጌ፣ እውነት የሚመስል ሰፈር እሠራልሻለሁ።»

ምን ይደበቃል፣ ለምንዬን አማራት። እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ያላሉትን አሉ ብሎ መጻፍ ቀፈፋት።

«አጎቴ እኮ ቢያንስ ጠይቋቸዋል» አለችና ወረቀቶቹን ታቅፋ ወደ አማካሪዋ ቢሮ ሄደች።

አማካሪዋን ተማሪዎቹ ዶክተር ምንጩስ ነው የሚሏቸው። «ዛሬ ይሞቃል» ቢሏቸው እንኳ «ምንጩስ?» ሳይሉ አያልፉም። ለምንዬ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አንዱን ወረቀት አንስተው ላዩ ላይ ያለውን ፀጉር እፍ አሉት።

«ምላጩ በትክክል የት ነበር?»

«አንገት ላይ፣ ዶክተር።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሏት ነበር፤ ሳቅ መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ኮስተር አሉ።

«ምንም የሚጣል የለም። እነዚያኑ ስድሳ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ጠይቂያቸውና ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን አቅርቢ። የሆነውንም እንደሆነ ጻፊው። ዓርብ ግን ዓርብ ነው።»

ረቡዕና ሐሙስ እግሯ እስኪዝል በር አንኳኳች። ከስድሳው አርባ አንዱ፣ ጎረቤት የሚባል ፍጡር አናምንም አሉ። ከባለ አጥሮቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነው የመለሱላት።

«ጎረቤት? የራሴንም ጥላ አላምን!»

ለምንዬ አገጫቸውን አየችው። ገና ጠዋት የተላጨ፣ ልሙጥ ያለ አገጭ ነው።

«አባባ፣ የአጎቴ ቤት የት ነው?»

«ይኸው ከኔ በስተግራ። ምነው፣ ዛሬ ጠፋሽ?»

«ታዲያ አንገትዎን ሲሰጡት አይፈሩም?»

«እሱማ…» ብለው ጀመሩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ አገጫቸውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እሱን ጎረቤት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም» አሉ በመጨረሻ።

ያችን ንግግር እንዳለች ጽሑፏ መደምደሚያ ላይ አስቀመጠቻት። ከሥሯም፣ ማንንም አናምንም ያሉት አርባ አንዱም ሰዎች አንገታቸውን ለጎረቤታቸው ምላጭ እንደሚሰጡ ጻፈች። ዓርብ ዕለት ፕሪንተሩም ደስ ብሎት ነበር መሰል፣ አንድ ገጽ ሳይበላ አተመላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ለምንዬ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ዶክተሩ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምንጩን ለማየት ነው የመጣሁት» አሉና ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

አጎቷ ንጹሕ ፎጣ አለበሳቸው፤ አረፋውን ለቀለቃቸው። ምላጩን አንገታቸው ላይ አሳርፎ ቆም አለ።

«ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የእህቴ ልጅ ኤ ይገባታል። በጣም ይስማማሉ፣ ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?»

ዶክተሩ ሳይነቃነቁ፣ ዓይናቸውን ብቻ በመስተዋቱ ውስጥ ወደ ለምንዬ መለሱ።

«በጣም እስማማለሁ።»

«አየሽ?» አላት አጎቷ፣ ደረቱ በኩራት ተነፍቶ። «ሰው እንዲህ ነው የሚጠየቀው!»

ውጤቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ኤ ነው። ለምንዬም ታውቃለች፣ ዶክተሩም ያውቃሉ። ሁለቱም ለአጎቷ አልነገሩትም።