ጠፍቶ የሚያንኳኳ ሞተር

"አጥፋው አልኩህ" አለ መካኒኩ፣ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ቀኝ ጆሮው ላይ እንዳስደገፈ።

ፒክአፑ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ሾፌር ቁልፉን በመስኮት አውጥቶ አወዛወዘው። "ካጠፋሁት ቆየሁ እኮ ጋሼ። ቁልፉ ይኸው።"

መካኒኩ ቁልፉን አየ። ሞተሩን አየ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። አሁንም ያንኳኳል።

ሰፈሩ ሁሉ "ባለጆሮው" ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን እናቱና መታወቂያው ብቻ ሳያውቁት አይቀሩም። ሌላው መካኒክ ሞተር አውርዶ፣ ፈትቶ፣ ተሳድቦ የሚያገኘውን ብልሽት እሱ በካቻቪቴ አዳምጦ "ሦስተኛው ፒስተን ነው" ይላል፤ ሲፈታም ሦስተኛው ነው። ሰው ከገዛ ሚስቱ ይልቅ እሱን ያምነው ነበር። ነበር ነው እንግዲህ።

ከሰባት ወር በፊት የዚህ ወጣት ታላቅ ወንድም ሲሚንቶ የሚጭንባትን መኪና እዚሁ ጋራዥ በር ላይ አቁሞ "አንድ ነገር ያንኳኳል፣ እስኪ ስማልኝ" ብሎት ነበር። ባለጆሮው ለምሳ እጁን ታጥቧል። ካቻቪቴውን ለማንሳት እንኳ ሰነፈ። ከሩቅ ቆሞ "ምንም የለውም፣ ንዳው" አለ። በማግስቱ ሞተሩ ከጋራዡ በታች ባለው ቁልቁለት መሀል ነክሶ ደርቆ ቆመ፤ መኪናዋ ከነጭነቷ ግንብ ውስጥ ገባች። ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

የቀብሩ ዕለት ማታ ባለጆሮው ትራሱ ላይ ጋደም ሲል ኳኳታው መጣ። አልሄደም። ለማንም አልተናገረም። ማን እንደሚያንኳኳ ያውቃል፤ ምን ብሎ ይናገራል?

ከዚያ ወዲህ የሚያዳምጠው ሞተር ሁሉ በሽተኛ ሆነ። የአስተማሪውን መኪና ፈታ፤ ደህና ነበረች። የዳቦ ቤቱን ፈታ፤ ደህና ነበረች። ደንበኛ አንድ በአንድ ሸሸ። ይህን ፒክአፕ ደግሞ ሁለቴ ፈትቶ ገጥሞ፣ ወጣቱን አስራ ሁለት ቀን ሥራ አስፈትቶ፣ አሁንም አልለቅም ብሏል።

ዘይት ልታስቀይር የመጣች አንዲት ነርስ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ተነስታ መጣች።

"ወንድሜ፣ ምንድን ነው የሚሰማህ?"

"ያንኳኳል ሲስተር።"

"ማን?"

"ሞተሩ።"

"ሞተሩ ጠፍቷል።"

"ለሱ ንገሪው።"

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። "ካቻቪቴውን አስቀምጥ። አሁንስ?"

ባለጆሮው ካቻቪቴውን የመኪናው ቆርቆሮ ላይ አስቀመጠው። "አለ።"

"በሁለቱም ጆሮህ?"

"በቀኙ ብቻ።"

ግራ እጁን አንጓው ላይ ያዘችው። "በሌላው እጅህ የሚሰማህን ቆርቆሮው ላይ ምታልኝ። ልክ እንደሚሰማህ፣ ሳታሳምር።"

መታ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። የነርሷ ከንፈር ከጣቱ እኩል ይንቀሳቀሳል።

"በል እስከ በሩ ሦስቴ ሩጥ።"

"እኔ?"

"እኔማ ምን አሮጠኝ?"

ቦርጩ ከቱታው ቀድሞ እየዘለለ ሮጠ። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ፖሊስ የመጣ መስሎት አንገቱን አወጣ። ባለጆሮው እያለከለከ ሲመለስ እንደገና አስመታችው። ጣቱ አሁን ይጣደፋል።

"አንጓህ ላይ ከቆጠርኩት ምት አንዷም አላመለጠችህም" አለች እጁን እየለቀቀች። "የልብህ ምት ነው። በጆሮህ አጠገብ የሚያልፈውን ደምህን ነው የምትሰማው።"

"ደም ድምፅ አለው እንዴ?"

"መንገዱ ሲጠብበት ወይም ሲጣደፍ አለው። የቧንቧ ውሃ ሲጮህ ሰምተህ አታውቅም? ግፊት ሊሆን ይችላል፣ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የደም ሥርም ሊሆን ይችላል። ቀላሉም አለ፣ የማይቀለውም አለ። በአንድ ጆሮ ብቻ መሆኑን አልወደድኩትም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድና 'ከልቤ ምት ጋር የሚሄድ ድምፅ ነው' በላቸው። እንዲህ ብለህ ካልነገርካቸው ጆሮህን አጥበው ይሸኙሃል።"

ባለጆሮው ጎማው ላይ ተቀመጠ። እፎይ ማለት ነበረበት። ሰባት ወር ሙሉ ሟቹ ነው የሚያንኳኳው ብሎ፣ በየሌሊቱ በልቡ ይቅርታ ሲለምነው ከርሟል። ለካ ማንም አልነበረም። የለመነውን የሰማው የለም። እውነተኛው ኳኳታ አንድ ቀን ብቻ መጥቶ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ እሱ ለምሳ ቸኩሎ ነበር።

"ታዲያ ጋሼ፣ የኔዋ ደህና ናት ማለት ነው?" አለ ወጣቱ።

ባለጆሮው ተነሳ። "አስነሳት።" ካቻቪቴውን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራ ጆሮው ወሰደው። ብዙ አዳመጠ። ንጹሕ ነው። ካቻቪቴውን ዝቅ አደረገ።

"ወንድምህ ከመሞቱ በፊት መጥቶ ነበር" አለ። "ስማልኝ አለኝ። ሳልሰማ ነው የሸኘሁት።"

ወጣቱ ሞተሩን አጠፋ።

"አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ነግሮናል። 'ባለጆሮው ምንም የለውም ብሏል' ብሎ ነው የተኛው።"

"እያወቅክ ለምን ወደኔ አመጣሃት?"

"ሁለተኛ እንደማትቸኩል ገብቶኝ ነዋ። አስራ ሁለት ቀን ትቆያለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።"

ነርሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። "የኔ ዘይት ነገ ይቀየራል" አለች። "ሂድ አንተ።"

ሆስፒታሉ ከቁልቁለቱ በታች ነው። ባለጆሮው ካደጋው ወዲህ በዚያ መንገድ ወርዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በገበያው በኩል ይዞራል። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ የፒክአፑን በር ከፈተና ከወጣቱ ጎን ገብቶ ተቀመጠ።

"በገበያው በኩል ልዙር ጋሼ?"

"አይ፣ በቁልቁለቱ" አለ፣ ቀበቶውን እየሳበ። "ቀስ ብለህ ውረድ። መስኮቱን ዝጋልኝ፣ ልስማት።"