ሞተሩ እስኪበርድ

ባሌ ከሞተ ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒካፑ ከእጄ እንዳይወጣ። ልብሱን አውጥተው ሲሰጡ አልከለከልኩም። አልጋውን ከቦታው ሲያነሱት አልከለከልኩም። ልጄ "እማዬ፣ እባክሽ አንዴ አልቅሺና ይውጣልሽ" ትለኛለች። አልመጣ ያለኝን ከየት ላምጣው? ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ የሚያለቅሰው ሌላ ቤት ውስጥ ይመስለኛል።

እኛ ብሎኬት እናመርታለን። አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ሲሚንቶውን አቡክቼ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ የምጠቀጥቀው እኔ ነኝ። ጧትና ማታ ውሃ የማጠጣውም እኔ ነኝ፤ ብሎኬት ውሃ ካልጠገበ ይሰነጠቃል። ጭኖ ዳገቱን እየወጣ ቤት ለሚሠሩት ሰዎች የሚያደርሰው ግን ባሌ ነበር። ፒካፑ ትልቅ የጭነት መኪና አይደለም፣ የቤት መኪናም አይደለም፤ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። ባሌ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ብረት አስደርቦ ከአቅሙ በላይ ይጭንበት ነበር። "ይቺ የበቅሎ ጀርባ አላት" ይል ነበር።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ የግቢውን በር እከፍትለታለሁ፤ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ እጥዳለሁ። እሱ ግን አይወርድም። ሞተሩን ሳያጠፋ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ይላል። የወጥ ቤቱ መስኮት ቀስ እያለ ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንሾካሾካሉ። ሞተሩ ጸጥ ሲል ውሃው ለብ ብሏል። በጣቴ ነካ አደርገውና በሳፋ አወጣለታለሁ፣ ሲሚንቶውን ከእጁ ይታጠባል። ዕድሜያችንን ሁሉ እንዲህ ነበርን። አንድ ቀን "ምን ታቅፈህ ነው እዚያ የምትቀመጠው፣ እንቁላል ነው?" ብዬ ብጠይቀው "እሷም ትንፋሽ ትውሰድ እንጂ" አለኝ። ቀልዱን መሰለኝ። እኔማ ከምላሴ ትንሽ የሚያርፍ ነበር የሚመስለኝ። ምላሴ ረጅም ነው፣ አልክድም።

ከቀብሩ በኋላ መኪናውን የያዘው ዋርሳዬ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ችኩል ነው። ሲወለድ ራሱ እናቱን ሳያስምጥ ዱብ ያለ ነው ይሉታል። መጀመሪያ ጭነት አድርሶ የተመለሰ ቀን በሩን ከፈትኩለት፣ እንደ ልማዴ ገብቼ ውሃ ጣድኩ። ክብሪቱን ከእጄ ሳላስቀምጥ መስኮቱ ዝም አለ። ዞር ስል ዋርሳዬ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ጣቴን ውሃው ውስጥ ከተትኩት። ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት፣ አሁን የተጣደ ውሃ ነው፤ እኔ ግን መቀዝቀዙንም መሞቁንም አላወቅሁም። በዚያ ሰሞን እጄ እንዲያ ሆኖ ነበር። ጓንት ያጠለቅሁ ያህል።

"እሱ እኮ ወዲያው አያጠፋም ነበር" አልኩት።

"ሲጋራውን እየጨረሰ ይሆናላ።"

"ሲጋራ አያጨስም።"

"አንቺ አያጨስም ስለምትይ ነዋ ጋቢና ውስጥ የሚደበቀው!" ብሎ ሳቀ። እኔም የምስቅበት ቦታ እንደሆነ ገባኝ፣ ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲያው ሆነ። ዳገቱን እያጓራ ወጥቶ እያጓራ ይመለሳል፣ ግቢ ሲገባ ቁልፉን ቀጭ፤ አለቀ። ውሃዬን ጥጄ ሳይሞቅ አነሳዋለሁ። ሰነባብቶ መኪናው ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያወጣ ጀመር። ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ መጣ። አንድ ቀን ሙሉ ብሎኬት እንደጫነ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመና በሌላ መኪና ተጎትቶ ገባ።

መካኒኩ መጣ። ሰው ሁሉ ግራሶ እያለ ነው የሚጠራው፤ ትክክለኛ ስሙን ሚስቱም የምትረሳው ይመስለኛል። ኮፈኑን ከፍቶ ሲጎረጉር አረፈደና ቀንድ አውጣ የሚመስል ብረት ፈቶ ባልዲ ላይ አስቀመጠው። ውስጡ ከሰል ሆኗል።

"ቱርቦው ነው፣ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምርለት" አለ። "ራሱ ተቃጥሎ ስብርባሪውን ሞተሩ ውስጥ ተፋው። ሞተሩም አብሮት ሄዷል። ማነው የሚነዳው?"

"እኔ" አለ ዋርሳዬ።

"ከዳገቱ ወርደህ ስትገባ ወዲያው ነው የምታጠፋው?"

"ታዲያ ገብቼ ምን እጠብቃለሁ?"

"ይሄ ነገር ጭነት ሲጎትት ፍም ይሆናል። ሞተሩን በድንገት ስታጠፋው ዘይቱ ቀጥ ይልና በደረቁ ይጠበሳል። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ፣ ቁጭ ብለህ ታበርደዋለህ። ወንድምህ አልነገረህም?"

ዋርሳዬ ባልዲው ላይ ያለውን ብረት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "እሷ ነግራኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ለካ ሲጋራ አልነበረም።"

እኔ ሄጄ ብሎኬቶቹን ውሃ አጠጣሁ። ትንፋሽ ትውሰድ ያለው እውነቱን ነበር ማለት ነው። ይህን ሳውቅ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቱቦውን ይዤ ቆምኩ፣ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ አልተሰማኝም።

በማግስቱ ዋርሳዬ አንድ ነጋዴ ይዞ መጣ። ጉማሬ ይሉታል፤ ያገለገሉ መኪናዎችንና ሞተሮችን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ፣ ደግሞም መልሶ የሚልክ ሰው ነው። ፒካፑን ዞሮ ዞሮ አየና ጎኑን መታ መታ አደረገው።

"አካሉ ደህና ነው። ሞተር አያስፈልገኝም፣ እንዳለ እወስደዋለሁ" አለ።

"ሞተር የሌለው መኪና ምን ያደርግልሃል?" አለች ልጄ።

"የኔ እህት፣ ይሄ ፒካፕ በየአገሩ ፊቱ አንድ ነው፣ ሆዱ ነው ሌላ። መንገዱ ሜዳ፣ ነዳጁ ጥሩ የሆነ አገር ቤንዚን ብቻ ይሸጡበታል። አሸዋ አገር ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ይሰጧቸዋል። አንዱ ጋ ኮምፒውተር ያለው ነው። እኔ ይሄን ቤንዚን የሚወዱ ሰዎች ጋ እልከዋለሁ፣ የራሳቸውን ሆድ ይከቱበታል።"

ዋርሳዬ "ይሻላል፣ እቴ" አለኝ። "በተሸጠበት አነስ ያለች ደህና መኪና እንፈልጋለን። ይቺ እኔን አልወደደችኝም።"

የጋቢናውን በር ከፍቼ ገባሁና በባሌ ቦታ ተቀመጥኩ። በሩን ዘጋሁት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ዋርሳዬ።

"ተቀምጫለሁ።"

"ውረጂ እንጂ፣ ሰውየው ሥራ አለው።"

"ይውሰደው፣ ማን ያዘው? እኔንም ጨምሮ ይጫነኝ። ባሕር ማዶ ያሉት የእኔንም ሆድ አይተው የራሳቸውን ይክተቱበት።"

ጉማሬው ሳቅ አፈነው። "ለእርስዎ ዓይነት ገበያ የለኝም፣ እትዬ። አንድ አገር አያስገባዎትም።"

"እንግዲያው መኪናውም አይሄድ። ሞተር አለህ አይደል? ሞተር አምጣልኝ።"

ሰዓት ፈጀን። ዋርሳዬ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ወጥቶ ገባ። እኔ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ባሌ መሪውን በሚይዝበት ቦታ ላይ ላስቲኩ ተልጦ ነበር፤ እዚያ ላይ ጣቴን አኖርኩት። በመጨረሻ ጉማሬው የመኪናውን ኋላ የሚሸፍነውን የብረት ጣሪያ ዓይኑ ውስጥ አስገብቶት ኖሮ አንድ ሞተር በእሱ ለመለወጥ ተስማማ። ለብሎኬት ጣሪያ ምን ያደርጋል፣ ይውሰደው አልኩ።

የጉማሬው መጋዘን የሄድነው ከግራሶ ጋር ነው። ሞተሮቹ በጎማ ላይ ተቀምጠው ተደርድረዋል፤ ጭንቅላታቸው ላይ ፌስታል ታስሮባቸዋል። ግራሶ እያሳየ ነገረኝ።

"ይሄ ቤንዚን ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። ጉልበት አለው፣ ድምፅ የለውም። ተነስቶ ቆሞ ሳለ ጠፍቷል ብለው ሁለተኛ ቁልፍ ያዞራሉ። ግን ብሎኬት ጭነው ዳገት ሲያወጡት ነዳጁን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው።"

"እሺ።"

"ይሄ ደግሞ ሽማግሌው ነው። ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። የፈለጉትን ቆሻሻ ያጠጡት፣ አይታመምም። መጥቶ ቀጭ ማድረግ ይቻላል፣ ጣጣ የለውም። ግን ጭነቱን ግማሽ ያደርጉታል።"

"ያኛውስ?"

"አዲሱ ነው፣ ኮምፒውተር ያለው። የኛን ናፍጣ አንድ ጊዜ ቢቀምስ ሐኪም ቤት ይገባል።" ከዚያ ወደ ጥጉ ሄዶ ፌስታሉን ገለጥ አደረገ። "ይሄ እንደ ቀድሞው ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ፣ የዱሮው። ወደኛ መላክ ካቆሙ ቆይተዋል፤ መሪ በቀኝ በሆነበት አገር ነው የተገኘው። ዳገቱን ይወጣል። ግን እትዬ፣ ይሄ ጠባቂ ይፈልጋል። ማን ቁጭ ብሎ ያበርደዋል? ዋርሳዎ እንደሆነ እግሩ ውስጥ ጉንዳን አለበት። ለእርሱ ሽማግሌው ነው የሚስማማው።"

"ቀድሞ የነበረው ድምፅ ያለው የትኛው ነው?"

ግራሶ አየኝ። "ይሄው" አለ።

"እሱን ግጠምልኝ።"

ዋርሳዬ ሲሰማ ራሱን ያዘ። "አንቺ ሴትዮ ምን ነክቶሻል? የተቃጠለውን ዓይነት መልሰሽ?" ቆይቶ እንዲህ አለኝ፤ "ይሁን። ግን ይሄም በእኔ እጅ ከተቃጠለ እኔ መኪና አልነዳም፣ አንቺም ጋቢና ውስጥ አትቀመጪም። ጉማሬው ይወስደዋል፣ በቃ።"

"ይሁን" አልኩ።

ግራሶ ሲገጥመው ተቸገረ። የቀኝ መሪ ሞተር ስለሆነ የዘይት ማጣሪያው ከእኛ መሪ ዘንግ ጋር ተጋጨበት። አንድ ቧንቧ ቆርጦ፣ ሌላ በይዶ፣ አባቱንም እናቱንም ሰድቦ አስማማው። ሲያስነሳው እኔ ብሎኬት እየጠቀጠቅሁ ነበር። ድምፁ ግድግዳውን አልፎ መጣ። እጄ ቆመ። ከዚያ መጠቅጠቄን ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ጭነት በነጋታው ወጣ። አመሻሽ ላይ ዳገቱን ሲወርድ ሰማሁት፣ በሩን ከፈትኩ፣ ገባ። ወጥ ቤት ሄጄ ውሃ ጣድኩ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የዋርሳዬ ስልክ ጮኸ። ጆሮዬን ጣልኩ። "አዎ፣ አዎ፣ መጣሁ፣ አሁኑኑ" ይላል። የጋቢናው በር ተከፈተ፤ አንድ እግሩ ሲወርድ፣ ስልክ ያልያዘው እጁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ በመስኮቱ አየሁት።

ወጣሁ። እጄ ሲሚንቶ እንደሆነ ኮፈኑ ላይ አኖርኩትና ቆምኩ። ዋርሳዬ አየኝ። ስልኩ ውስጥ ሰው ይጮሃል። እግሩን ወደ ጋቢናው መለሰው።

"ቆይ፣ አልመጣም" አለ ለስልኩ። "መኪና እያበረድኩ ነው። አዎ፣ ቁጭ ብዬ። ምን ያስቅሃል?" ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። "እስከ መቼ ነው የምቀመጠው?"

"ውሃው ለብ እስኪል።"

"የምን ውሃ?"

ወጥ ቤት ገባሁ። ከማንደጃው አጠገብ ቆምኩ። ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንሾካሾካሉ። ልጄ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ አየችኝ። አልቅሺ አላለችኝም። አላለቀስኩም። ጣቴን ውሃው ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ። ቆይቶ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር፣ ትንሽ ሞቀኝ። "አሁን" ብዬ በመስኮቱ ተጣራሁ።

ሞተሩ ጸጥ አለ። ውሃውን በሳፋ ገልብጬ አወጣሁለት። ዋርሳዬ ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ።

"ለእኔ ነው?"

"ለመኪናው መሰለህ? ታጠብ፣ ይበርዳል።"