ጫት ሳይገባ የቀረበ ክስ

እኔ እልፍነሽ በሕይወቴ እንደ አሳባቂ የምጠላው ነገር የለም። ልጅ ሲሆን እሺ፤ "እማዬ፣ ወንድሜ ስኳር ላሰ" ይላል፣ ይቆጡታል፣ ያልፋል። ስልሳ ያለፈው፣ ሽበት የወረረው ሰውዬ ሲያሳብቅስ ምን ይባላል? ጎረቤቴ ጋሽ ገብረኪዳን እንዲህ ናቸው።

ግቢያችን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ነው። ስድስት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንዲት አከራይ፤ ናዒማ። ጋሽ ገብረኪዳን ከነፃ ቀጠናው የመጋዘን ጥበቃ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው እኛን መጠበቅ ሆነ። ማን የሳሙና ውሃ ደፋ፣ ማን ቧንቧ ሳይዘጋ ገባ፣ ማን በሰው ገመድ ላይ ልብስ አሰጣ፣ ሁሉም ናዒማ ጆሮ ይደርሳል። "ኧረ እግዜርን ይፍሩ!" ስላቸው፣ "ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት" ይሉኛል። አሁን ይሄ መልስ ነው?

ናዒማ ሁለት ነገር አትወድም፤ ሽቦ ቀጥሎ መብራት መሳብና ወደ የመን የሚሻገር መንገደኛ ማስጠጋት። በአንዱ ቤት ይቃጠላል፣ በሌላው ፖሊስ ይመጣል። እኔ ደግሞ ሲምቦን አስጠግቻለሁ። ሲምቦ የየመን ጀልባ እስከሚነሳበት ኦቦክ ድረስ ሄዳ፣ ባሕሩን ስታይ ልቧ ከድቷት የተመለሰች ልጅ ናት። የጭነት መኪና ሾፌሩ አጎቷ ቶላ ይሄ ነገር በሆነ ማግስት ወደብ ላይ አራግፎ ወደ አገሯ ሊወስዳት ተቀጣጥረናል። አንዲት ቀን ብቻ ነበር የቀረችን። ከኔ ቤት ከወጣች ግን ሊያሻግራት የነበረው ደላላ አለ፤ በየመንገዱ እየፈለጋት ነው።

ያን ቀን ጠዋት ዕቃ ሳጥብ ጋሽ ገብረኪዳን አጠገቤ ቆሙና "እልፍነሽ፣ ሰሞኑን ሁለት ሳህን ነው የምታጥቢው" አሉኝ። ክው አልኩ። በቃ፣ አውቀዋል። ዛሬውኑ ይናገራሉ። ቀድሜ ልክሰሳቸዋ! ለቬንቲላተር ማራገቢያቸው ከግቢው አምፖል ሽቦ ስበው የለ? እሳቸው ከወጡ ማን ያሳብቃል?

ንዴት ግን ሰዓት አያሳይም። ጅቡቲ ውስጥ ጉዳይ ያለው ሰው አከራይ ዘንድ የሚሄደው ከሰዓት ነው፤ ጫቱ ከአገር ቤት ገብቶ፣ ተቅሞ፣ ምርቃናው ከመጣ በኋላ። ያኔ ናዒማ "አይዞህ፣ ምንም አይደል" ባይ ናት። ጋሽ ገብረኪዳን የሚከሱት በዚያ ሰዓት ስለሆነ እስከ ዛሬ በሳቸው ክስ ከግቢው የወጣ ሰው የለም። እኔ ጅሏ በቀትር ሄድኩ። ያውም ጫቱ በዘገየበት ቀን! ናዒማ ሐራራ ላይ ናት፤ ፊቷ ተከስክሷል።

"ናዒማዬ፣ ጋሽ ገብረኪዳን ሽቦ ስበዋል" አልኳት።

"ሽቦ?" ብላ ብድግ። "ዛሬ ሁሉንም ክፍል ነው የማየው! ሁሉንም!"

ወይኔ ጉዴ! የሳቸውን ብቻ ታያለች ብዬ እኮ ነው! ከኋላዋ እየሮጥኩ "ኧረ ረጋ በይ" ብል ማን ሰምቶኝ። እየጮኸች ከግቢው በር ጀምራ አንድ በአንድ ከፈተች። የኔን ስትከፍት ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ክፍሉ ባዶ ነው።

ቀጥሎ የጋሽ ገብረኪዳን ነው። ሲምቦ አልጋቸው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ጩኸቱን ሲሰሙ፣ እኛ የፊተኞቹ ክፍሎች ውስጥ ሳለን ከኔ ቤት አውጥተው እሳቸው ጋ አስገብተዋታል። ሽቦውን ለመንቀል እንኳ ጊዜ አላገኙም።

"ይቺ ማናት?" አለች ናዒማ።

"የኔ እንግዳ ናት። ያስገባኋት እኔ ነኝ" አሉ።

"ሽቦም መንገደኛም! አሁኑኑ ውጡልኝ፣ ሁለታችሁም!" ከዚያ ወደኔ ዞራ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችው። "ብራቮ እልፍነሽ! ባትነግሪኝ ኖሮ..."

ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳብቁ ኖረው ዛሬ ነው ዝም ማለት የሚያምራቸው? ሽቦውስ ጫት ሲገባ ይረሳል፤ የሚያስወጣቸው ልጅቷን አስጠጉ መባሉ ነው። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ እሳቸው ይቀራሉ፣ እኔ እወጣለሁ።

ፍራሻቸውን ጠቅልለው ተሸከሙ። ሲምቦ ሻንጣቸውን አነሳች። ፀሐዩ ይፋጃል፤ ውጭ ደላላው በሚዞርበት መንገድ ነው የሚሄዱት። "ቤተ ክርስቲያን ግቢ እናድራለን፤ ቶላን ነገ እዚያ ላኪልን" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የአጎቷን ስም ሳይቀር ያውቃሉ። መቼ እንደሰሙ እንጃ፤ ለማንም ግን አልተናገሩም።

ሲምቦ በሩ ላይ ቆማ ናዒማን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደሳቸው ጆሮ ጠጋ አለች። "አባባ፣ ልንገራት?" አለች።

"ተይ ልጄ" አሉ። "የሚናገር ካለ ራሱ ይናገር።"

ጥቂት ቆመው ጠበቁኝ። እኔ ግን ምንም አልተናገርኩም።