ሁለተኛው ሐይቅ ላይ የቀረሁ ዕለት

በእኛ ቤት ቁም ነገር ቤት ውስጥ አይነገርም። ተራራው ላይ፣ ሦስተኛው ሐይቅ ድረስ ተወጥቶ ነው የሚነገረው። ይህን ጣጣ ያመጣብን ወንድ አያቴ ነው። የምንኖረው ከመነጽር ሱቃችን ጀርባ ነው፤ መሀል ያለው ግድግዳ ስስ ሳንቃ ስለሆነ ጓዳ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሱቅ ውስጥ ለዓይን ምርመራ ፊደል የሚያነበው ደንበኛ ይሰማል። አያቴ አንድ ቀን ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ አንዲት ደንበኛ የከፈለችበትን መነጽር እንኳ ሳትወስድ ወጥታ ሄደች። በማግስቱ ሚስቱንም ጭቅጭቁንም ይዞ ተራራ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይኸው ነው፦ ሦስተኛው ሐይቅ ላይ ያልተነገረ አልተነገረም፤ እዚያ የተነገረ ደግሞ አይመለስም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? እኛ አፋፉም አለን።

አክስቴ ታጭታ ወጥታ ያለ እጮኛ ወርዳለች። ወንድሜ ጋሼ የሕግ ትምህርቱን ትቶ አስተማሪ እንዲሆን የተወሰነው እዚያው ነው፤ ዛሬ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፣ ሲያስነጥስ እንኳ ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስላል።

እኔ የመጨረሻዋ ልጅ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ሚጣ ነው የምባለው። የመነጽር መስታወት የምሞርደው፣ ፍሬም አሙቄ የማጎብጠው፣ ለዓይን የማትታየዋን ብሎን የማጠብቀው እኔ ነኝ። አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የደንበኛ ፊት በማስመሪያ ይለካል፣ ወሬ ያወራል። እናቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከሱቅ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሱቅ ነኝ። በቅርቡ ከሌላ ከተማ፣ ከአንድ የዓይን ሆስፒታል ደብዳቤ መጣልኝ። የመነጽር ክፍላቸው ቀጥሮኛል፤ ሰኞ ሥራ ጀምሪ ይላል። ደብዳቤውን የብሎን መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ አባዬ ሳህኑን እያየ፣ “ቅዳሜ ወደ ላይ እንወጣለን” አለ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። እህቴ እትዬ ውሃ ቀዳችልኝ። ያኔ እንደታወቀብኝ ገባኝ።

ጋሼን እንቢ ብዬው አላውቅም። እዚያ ላይ ቆሞ “አባዬን ማን ይይዘዋል?” ብሎ ሲጠይቅ እሺ እንደምል ከማንም በላይ አውቃለሁ። እሺ ካልኩ ደግሞ አለቀ። ስለዚህ አርብን ሙሉ መስታወት እየሞረድኩ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፦ እዚያ አልደርስም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድን። የመጀመሪያው ሐይቅ አረንጓዴ ነው፤ ዛፎቹ እዚያ ያልቃሉ፣ ፎቶ የሚነሳውም ሰው አብዛኛው ከዚያ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ሸለቆው በግራም በቀኝም ገደል ሆኖ እየጠበበ ይሄዳል፤ መግቢያው አንድ ነው፣ መውጫውም እሱው። የሁለተኛው ሐይቅ ውሃ ከላይ ያለው የበረዶ ግግር የፈጨው የድንጋይ ዱቄት ስላለበት ግራጫ ነው፤ መስታወት ሞርጄ የማጥብበትን ሳፋ ይመስላል። ከሱ ወዲያ በረዶው ገፍቶ የከመረው የድንጋይ ክምር አለ፣ ሦስተኛው ሐይቅ ከክምሩ ጀርባ ነው።

ሁለተኛው ሐይቅ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

“እግርሽን ነው?” አለ ጋሼ።

“እግሬ ደህና ነው። አልወጣም።”

“ሚጣ፣ አታስቂን እንጂ” አለች እትዬ። “ግማሽ ሰዓት አይቀርም።”

“ለእናንተ አይቀርም።”

በቤተሰባችን እንዲህ ያደረገ ሰው የለም። ጋሼ ሰዓቱን አየ። ከዚያ እንደ ዳይሬክተርነቱ፣ “አንድ ሰው በመቅረቱ ስብሰባ አይበተንም” አለ።

“እኔም ከሷ ጋር ልቆይ፤ ጉልበቴ እንቢ አለኝ” አለ አባዬ። “እናንተ ውጡ።”

ወጡ። ጀርባቸው ከድንጋዩ ክምር ኋላ ሲጠፋ ነው ስህተቴ የታየኝ። ሕጉ ስለተነገረው ነገር እንጂ ሰሚው መኖር አለበት አይልም። ብወጣ እሺ ልል ነው፤ ብቀር እሺ ሊሉልኝ ነው። ጉሙ ከላይ ወርዶ መጀመሪያ ክምሩን፣ ቀጥሎ የሐይቁን ማዶ ዋጠው፤ እኔና አባዬ ጓዳችንን በምታክል ቦታ ላይ ቀረን። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩባት ጓዳ ተራራ ድረስ ተከትላኝ መጣች ብዬ ተናደድኩ።

“ደብዳቤውን አይቼዋለሁ” አለ አባዬ።

“እትዬ ናት ያሳየችህ?”

“እኔ ነኝ ለሷ ያሳየኋት። ብሎን ስፈልግ አገኘሁት።”

“ለምን አሳየሃት?”

“ፈራሁዋ። ብቻዬን ብሆንስ ብዬ ፈራሁ።” ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። “ሂጂ፣ ሚጣ።”

“ምን አልከኝ?”

“ሂጂ። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ የሽማግሌ ሞግዚት አይደለሽም። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ አስሬ ያዝኩሽ። አውቀዋለሁ።”

አለቀስኩ። “ይህን እዚያ ላይ ወጥተህ ብትልልኝ ምን ነበር?”

“ጉልበቴ” አለና እያሸ አሳየኝ። የሚያሸው ጤነኛውን ጉልበቱን ነበር። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ደስታዬን ማበላሸት አልፈለግኩም። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁለት፣ እንዳይደፋበት ብርጭቆውን አብሬው ያዝኩለት። በልቤ ሻንጣዬን ከፍቼ ልብስ ማጠፍ ጀምሬያለሁ።

ጋሼና እትዬ ከጉሙ ውስጥ ርሰው ወጡ።

“ተነግሯል” አለ ጋሼ። “ሚጣ ቤት ትቆያለች። ሱቁ በስሟ ይዞራል። እኛም በየሁለት ሳምንቱ እየመጣን እናያችኋለን።”

እትዬ ጫማዋን ታያለች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ለእስረኛ እስር ቤቱን በስሙ አዙረውለት አመስግን እንደማለት ነው።

“ነገ እሄዳለሁ” አልኩ። “አባዬ ሂጂ ብሎኛል።”

ጋሼ ወደ አባዬ ዞረ። “ብለሃል?”

አባዬ የጃኬቱን ዚፕ ለመዝጋት ይታገል ጀመር። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። እንደ ልማዴ ጠጋ ብዬ ያዝኩለትና የዚፑን ጥርስ ከጥርስ አገናኘሁ። ፊቱ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ ያችን ቃል ቢላት ጋሼ ራሱ ሻንጣዬን ይሸከምልኝ ነበር።

“አላልኩም” አለ አባዬ።

እጄ ዚፑ ላይ ቀረ። ልቡ ሲመታ በጃኬቱ ላይ ይሰማኛል፣ ከኔ ልብ ይልቅ ይፈጥናል። ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። አባቴ የገዛ ወንድ ልጁን እንደሚፈራ ያኔ አየሁ፤ እኔም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ስጠይቅ የኖርኩት ከዚህ ሰው እንደነበር አየሁ።

ዚፑን እስከ አገጩ ሳብኩለት።

“እሺ” አልኩ። “እንግዲያው ያልኩት እኔ ነኝ። ነገ እሄዳለሁ።”

“እዚህ የተነገረ አልተነገረም!” አለ ጋሼ።

ቦርሳዬን አንስቼ ቁልቁለቱን ከፊት ሆኜ ጀመርኩት፤ መንገዱ ከአንድ ሰው በላይ ጎን ለጎን ስለማያሳልፍ ሦስቱም ከኋላዬ ተሰልፈው ወረዱ።