ሜጊ ከደርባን

ሐሙስ ዕለት መቅደላ ደሳለኝ የዘጠነኛ ክፍልን የእንግሊዝኛ ፈተና እያረመች ሦስት ጊዜ ከወንበሯ ተነሣች። አንዴ ውሃ ልትጠጣ ነው። ሁለተኛውን ለምን እንደተነሣች ራሷም አታውቀውም። በሦስተኛው ግን ቀጥ ብላ ሄዳ የመምህራን ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዓለም ካርታ ፊት ቆመች። የመርሳ ከተማ ፀሐይ ስንት ዓመት ሲበላው የኖረ ካርታ ስለሆነ እስያ ከባሕሩ ጋር አንድ ሆናለች። መቅደላ ግን በጣቷ እየተከተለች ሁለቱን አገሮች አገኘቻቸው። ቬትናምና ታይላንድ። በመካከላቸው ሁለት ትናንሽ አገሮች ብቻ ገብተዋል፤ ጣት ከጣት የሚራራቀውን ያህል እንኳ አይራራቁም።

“ዛሬ ካርታውን ሳትገነጥይው አትሄጂም” አለቻት ሀፍሳ። ሀፍሳ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተዋል፤ መቅደላ ከሷ የምትደብቀው ነገር የለም።

“ሁለቱም እስከ እሁድ መልስ ስጭን ብለዋል።”

“ታዲያ ቁጭ ብለሽ አስቢዋ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።”

ቁጭ ማለት ነው እንጂ የቸገረው። መቅደላ ቁጭ ማለት ካቃታት ቆይቷል። መጀመሪያ ጦርነቱ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተከፈተ፤ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፤ ቀጥሎ ኢንተርኔቱ። ሰው ሁሉ “እስኪ እንጠብቅ” ይላል። እሷም ስትጠብቅ ስትጠብቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ኢንተርኔቱ የተመለሰ ዕለት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እንግሊዝኛ አስተማሪ የሚፈልጉ የእስያ አገሮችን መፈለግ ነበር። ኮሪያ አይሆንም አለች፤ ጃፓን አይሆንም አለች፤ ቻይና መልሷን ለመጻፍ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ሦስቱም ያሉት አንድ ነው፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሆነ አገር የተሰጠ ፓስፖርት እንፈልጋለን። እንግሊዝኛዋን የሰማላት ሰው የለም፤ ፓስፖርቷን ብቻ ነው ያዩት። መቅደላ በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት ሙሉ ተናዳ ከረመች፤ ተማሪዎቿም ቀመሱት።

ቀሩ ሁለት። ታይላንድ ያለው ከባንኮክ በአውቶቡስ የስምንት ሰዓት መንገድ፣ ሩዝ የሚዘራበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው፤ ደመወዙም “አይዞሽ” የሚያሰኝ እንጂ “እሰይ” የሚያሰኝ አይደለም። ቬትናም ያለው ደግሞ ሃኖይ መሀል ከተማ ላይ፣ የሀብታም ልጆች ከትምህርት በኋላ እንግሊዝኛ የሚማሩበት ማዕከል ነው። ደመወዙ የዚያኛው እጥፍ ነው፤ ቤትም ይሰጣሉ፤ የአውሮፕላን ትኬትም ይቆርጣሉ።

“ምኑ ያስቸግራል?” አለች ሀፍሳ። “ሃኖይ ነዋ። ያኛውማ መርሳን ለቆ ሌላ መርሳ መግባት ነው። ወላሂ፣ ማሽላውን በሩዝ ለመለወጥ ብዬ እኔ አውሮፕላን አልሳፈርም።”

መቅደላም የምትፈራው ይህንኑ ነበር። እዚያ ርቃ ሄዳ፣ እንደገና አንድ ዋና መንገድ ያለው ከተማ፣ እንደገና ማን ከማን ጋር እንደዋለ በቀትር የሚታወቅበት ሰፈር። እሷ የፈለገችው ማንም የማያውቃት ትልቅ ከተማ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ አባቷ ካደገችበት ከግራና ከተማ ደወሉ። አቶ ደሳለኝ ስልክ ላይ እንደ እርሻ ላይ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት። “ቅዳሜ ጎረቤቱን ጠርቻለሁ። ሼህ አብዱልሐሊምም ይመጣሉ፤ ትመረቂያለሽ” አሉ።

“አባዬ፣ ገና እኮ የትኛው አገር እንደሆነ አልወሰንኩም።”

“መሄድሽን ወስነሻል አይደል? አገሩን እስከ ቅዳሜ ታደርሽዋለሽ።” ስልኩን ዘጉት።

አርብ ክፍለ ጊዜ ስላልነበራት ጠዋት ወልድያ ሄደች። ኔትወርኩ የሚታመን አንድ ሆቴል አለ፤ እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ጠርሙስ ላይ አስደግፋ አራት ሰዓት ሲሆን ከሃኖዮቹ ጋር ተገናኘች። የማዕከሉ ኃላፊ ፈገግታ የማይለያት፣ ፈጣን ሴት ናት። የናሙና ትምህርትሽን አይተን ወደድነው አለች። አነጋገርሽ ጥርት ያለ ነው አለች። መቅደላ ደስ አላት፤ ከስንት ወር በኋላ እንግሊዝኛዋን የሰማላት ሰው አገኘች።

“አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት” አለች ሴትዮዋ። “ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስተምረው ሰው እንግሊዝኛ ከሚነገርበት አገር እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለወላጆች ከደቡብ አፍሪካ ነሽ እንላለን። ደርባን ጥሩ ከተማ ነው። ስምሽንም እናቀለዋለን፤ ሜጊ። ብዙ መምህራኖቻችን እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ማንም አይጎዳም።”

መቅደላ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ያለችው ግን “አስቤ እነግርሻለሁ” ብቻ ነው። በኋላ ይህን መልሷን ብዙ ጊዜ አሰበችው። ወዲያው “አይሆንም” ያላለችበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ነገሩ አላስደነገጣትም። ይልቁንስ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ሜጊ ስለምትባል ሴት ማንም ምንም አያውቅም፤ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ለምን እንዳላገባች፣ በጦርነቱ ጊዜ የት እንደሸሸች የሚጠይቃት የለም።

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። ረዳቱን “ወራጅ አለ” ብላ ሲሪንቃ ላይ ያለ ምክንያት ወረደች። ከመንገዱ ዳር ካለው የእርሻ ምርምር ማዕከል አጥር ጋር ወደ ላይ ሄደች፤ ወደ ታች ተመለሰች። ከንፈሯ በራሱ ይንቀሳቀስ ነበር። “ሜጊ እባላለሁ። ከደርባን ነኝ።” ቃናዋን ስትለዋውጠው ያለ ችግር ወጣላት። ቀጠለች። ከባሕሩ ዳርቻ ያለች ቤት ሠራች፤ አንዲት እህት ጨመረች፤ ወደቡ ላይ የሚሠራ፣ ማታ ጋዜጣ የሚያነብ አባት ፈጠረች። ለአባትየው ስም ስታወጣለት ዳዊት አለችው፤ ረዥምና መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ቤተሰብ መሠረተች።

“ማንን ፈልገሽ ነው እኅቴ?” አላት የማዕከሉ ጥበቃ ከበሩ።

“ማንንም” አለችና ቀጣዩን መኪና ይዛ ሄደች። አፍራ ነበር። ግን መርሳ ስትደርስ ለሀፍሳ “ሃኖይ ነው” ብላ ነገረቻት፤ የስሙን ነገር ግን አልነገረቻትም። እንግዲህ ከሀፍሳ የምትደብቀው ነገር የለም ብለን ነበር፤ ይህች የመጀመሪያዋ ሆነች።

ቅዳሜ በባጃጅ ግራና ገባች። እናቷ፣ መቅደላ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው ያረፉት፤ ከዚያ ወዲህ አቶ ደሳለኝ ከከተማው ትንሽ ወጣ ያለውን ቤት ብቻቸውን ነው የያዙት። ግቢው ተጠርጎ፣ ከጎረቤት የመጡ አግዳሚዎች ተደርድረው ጠበቋት። የመጡት ሰባት ስምንት ሰው ይሆናሉ፤ ከራስጌ የተቀመጡት ሼህ አብዱልሐሊም ናቸው። በዚያ ሰፈር ክርስቲያኑም እስላሙም ረዥም መንገድ ሲወጣ እሳቸው ሳይመርቁት አይነሣም። ወታደር የሄደውን መርቀዋል፤ ዐረብ አገር የሄደችውን መርቀዋል። ሥርዓታቸውም የታወቀ ነው። የተመራቂውን ስም ከነአባቱና የሚሄድበትን አገር ይጠይቃሉ። ምርቃት እንደ ደብዳቤ አድራሻ ይፈልጋል ባይ ናቸው።

መቅደላ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እንደ ወግ ነበር የምታየው፤ ሁለት ጥያቄ ትመልሳለች፣ “አሜን” ትላለች፣ በመጨረሻው ባጃጅ ትመለሳለች። ማታ ለሃኖይ ትጽፋለች።

“መርሐባ ልጄ” አሉ ሼሁ። “ወዴት ነው የምትሄጂ?”

“ቬትናም።”

“አላህ ያግራው። አገሬው ምን ብሎ ይጠራሽ ይሆን? ዐረብ አገር የሄዱት ልጆች ስማቸውን ሲለውጡባቸው አይተናል፤ እኔ ሳላውቅ በአንዱ ስመርቅ እነሱ በሌላው ሲጠሩ ከረሙ። በሚጠሩሽ ስም ልመርቅሽ ብዬ ነው።”

ይህን አልጠበቀችውም። “መቅደላ” ብላ ልታልፍ ትችል ነበር፤ የሚጠይቃት አልነበረም። ነገር ግን ሼሁ እጃቸውን ከፍተው ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው። በእኚህ ሽማግሌ ፊት ውሸት መናገር አልሆንላት አለ።

“ሜጊ ይሉኛል” አለች።

“እሱ ደግሞ ምን ማለት ነው?” አሉ ከጎን የተቀመጡት ጎረቤታቸው አቶ ካሳዬ።

አስረዳቻቸው። ወላጆቹ እንግሊዝኛ ከሚነገርበት አገር የመጣች አስተማሪ ስለሚፈልጉ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች እንደምትባል፣ ስሟም እንደሚለወጥ ነገረቻቸው። እየተናገረች ሳለ ድምፅዋ እየቀጠነ መጣ። ትናንት በእንግሊዝኛ የቀለለው ነገር በአማርኛ ሲነገር ከበደ።

የተቆጣ ሰው አልነበረም። አቶ ካሳዬ “እንጀራ ነው እንግዲህ” አሉ። ሼህ አብዱልሐሊምም ራሳቸውን ነቀነቁ። “ለእንጀራ ሲባል ስም ሲለወጥ አዲስ አይደለም። አልፈርድም። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ማንን ልመርቅ? መቅደላን በእጄ አቅፌ አውቃታለሁ። ይህችን ሜጊን ግን አላውቃት። የማን ልጅ ልበላት?”

ሁሉም ወደ አቶ ደሳለኝ ዞሩ። አቶ ደሳለኝ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠው በትራቸውን እያገላበጡ ነበር። ልጃቸው ስለ ደመወዙ ነግራቸዋለች፤ እጥፍ መሆኑንም ያውቃሉ።

“ይመርቋት፣ ሼህ። እንዳሉት ይመርቋት” አሉ። “አባት ባይጠራም ምርቃቱ አይቀርም፤ ያለ አባት ይመርቋት።” ከዚያ ወደ መቅደላ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ምናልባት አባትሽ ማነው ብለው የጠየቁሽ እንደሆነ፣ ሞቷል በይ። የሞተ ሰው ብዙ አያስጠይቅም፤ ይቀልልሻል።”

ይህን ሲሉ ቅሬታ አልነበረባቸውም። ጭቃ ያለበትን መንገድ ትተሽ በዚህ በኩል እለፊ እንደሚሉ ሁሉ፣ ሊያግዟት ነው ያሉት። መቅደላን የጎዳትም ይኸው ነው። ቢቆጡ ትከራከራቸው ነበር፤ መልስ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ስለ ዕድል፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ስንቱ።  እሳቸው ግን በፈቃዳቸው ሊሞቱላት ተነሥተዋል፤ እሷ ደግሞ ሳትጠይቃቸው፣ ሲሪንቃ መንገድ ዳር ቆማ፣ በእሳቸው ቦታ መነጽር የሚያደርግ ሰው ከተካች አንድ ቀን አልፏታል። ፊቷ ደም መሰለ። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

“ቬትናም አይደለም” አለች።

“ምን አልሽ?” አሉ አባቷ።

“ታይላንድ ነው የምሄደው። በስሜ ነው የሚቀበሉኝ።”

አቶ ደሳለኝ ግራ ገባቸው። “ያኛው አይሻልም ነበር እንዴ? ደመወዙም፣ ከተማውም አላልሽኝም?”

“ይሻል ነበር፣ አባዬ።” ዕንባዋን አልጠረገችውም። “ይሻላል። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።”

እውነቱን ነበር የተናገረችው። ትንሿ የሩዝ ከተማ በዚያች ሰዓት ጨርሶ አላማረቻትም። እዚያም ሄዳ ከወንበሯ ሦስት ጊዜ መነሣቷ እንደማይቀር፣ ሃኖይን እያሰበች የምትቆጭበት ቀን እንደሚመጣ አውቃለች። እያወቀች ነው የመረጠችው።

ሼህ አብዱልሐሊም መልሰው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሌላውም ዘረጋ። “እንግዲህ ከመጀመሪያው እንያዘው። ስምሽ ማነው ልጄ?”

“መቅደላ።”

“የማን ልጅ?”

“የደሳለኝ።”

“መቅደላ የደሳለኝ ልጅ፣ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። በወጣሽበት በር ግቢ። ያሳደገሽን ሳያጎድል ያገናኝሽ።”

ሰዉ ምርቃቱን እየተከተለ “አሚን” “አሜን” ሲል ድምፁ ተደባለቀ። የአቶ ደሳለኝ አሜን ግን የመጣችው ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ካለ በኋላ ነው።