የማይዘረጋው እጅ

መንጠቆው እንደገና ከወንዙ ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ላይ ተሰካ።

"አቤት! ቅጠል ማጥመዱንስ ተክነኸዋል!" አለች ሚስቱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሆና። ልብስ ሰፊ ናት፤ እዚህም ድረስ የሰው ሱሪ ይዛ መጥታ ትዘመዝማለች።

"አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ!"

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር በግራ እጁ ክሩን ጎትቶ አስለቀቀ። ቀኙ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው። አምና ስትሮክ ከመታው ወዲህ የዚያ እጅ ጣቶች ተጨብጠው ቀርተዋል፤ ሰው ካልፈለቀቃቸው አይዘረጉም። እግሩ ተሽሎታል፣ ምላሱም ተፈቷል፤ እንዲያውም ሚስቱን ከጠየቃችሁ ምላሱ ብሶበታል። እጁ ግን እንቢ አለ። አፍሮበት ሰው ፊት ከኪሱ አያወጣውም።

የዛሬው ጣጣ የመጣው በማጥመጃ ዘንጉ ነው። አማቹ፣ የልጁ ባል፣ "አባባ፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ እኔ ልውሰደው" አለ፤ ሚስቱም ደገፈችው። ሹፌሩ ደሙ ፈላና፣ "ዛሬ ማንም ሳይረዳኝ አንድ ትራውት ዓሣ ካላወጣሁ ይውሰደው!" ብሎ ማለ። ይኸው አማቹ ከታች ድልድዩ ጋ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። ፀሐይዋም ወደ ተራራው ጀርባ ልትገባ ነው። ጠዋት አንድ ዓሣ ነክሶለት ነበር፤ የክሩን ማጠንጠኛ የሚያዞርበት ሌላ እጅ ስላልነበረው እያየው አመለጠው። ዘንጉን ከሰጠ በኋላ እቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው።

"በቃ ና እንሂድ፣ ብርዱ ይገልሃል" አለችው፣ አሁን ረጋ ብላ።

"አንዴ ብቻ።"

አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ውስጥ ገባ። ድንጋዩ አንሸራተተውና በቂጡ ዘጭ አለ። ውሃው ወገቡ ደረሰ።

"ወይኔ ጉዴ!" ሱሪውን ጥላ ተነሳች።

"እንዳትመጪ! እንዳትነኪኝ!"

ሊነሳ ሲል ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከዚህ ዝቅታ ሲታይ ከቁጥቋጦው ሥር ክፍት ቦታ አለ፤ ቆሞ ሲወረውር ግን ቅርንጫፉን ብቻ ነበር የሚያገኘው። እዚያ ጥላ ውስጥ አንድ አፍ ብቅ ብሎ ዝንብ ዋጥ አደረገ።

"ዕድሜ ልኬን ቁጭ ብዬ ስሠራ ኖሬ፣ ዛሬ መቆምን ምን አመጣው!" አለ።

በላባና በክር ዝንብ አስመስሎ የሠራትን መንጠቆ በቅርንጫፉ ሥር አሾልኮ ወረወራት። ውሃው ተናወጠ፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ ማጠንጠኛው ጮኸ። ሹፌሩ ሳያስበው ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ የዘንጉን እጀታ በተጨበጡት ጣቶቹ መሃል ሰነቀረው።

ዓሣው ጎተተ። ጣቶቹ አልለቀቁም። ሐኪሙ ያልቻለው፣ ሚስቱ ማታ ማታ በዘይት እያሸች ያቃታት ያ ግትር ጭብጥ ዘንጉን ይዞ ወይ ፍንክች አለ።

"ልያዝልህ እንዴ?"

"ወግጂ! ይዞታል! እጄ ይዞታል እኮ!"

በግራው ያጠነጥናል። ዓሣው ሲብስበት ክሩን ይለቅለታል፣ ሲደክም ይሰበስበዋል። በመጨረሻ ነጠብጣባሙ ትራውት ጭኑ ላይ ወጥቶ ተንፈራፈረ።

"እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!" ሚስቱ ከነጫማዋ ውሃው ውስጥ ገብታለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። "ለነገሩ ያጠመደው ቂጥህ ነው!"

"የራሴ ቂጥ አይደል? ማን ረዳኝ?" እሱም ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ከታች የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

"ለአማችን ምን እንበለው?" አለች እንባዋን እየጠረገች።

"ዓሣውን ስጪው፣ ጠብሶ ይብላ።"

ተደጋግፈው ዳር ወጡ። እሷ እንደ ልማዷ እጁን ያዘች፤ "በል ጣቶችህን ላላቅቅልህና ዘንጉን እኔ ልያዝልህ።"

ሹፌሩ እጁን አየው፤ ከዚያ ኪሱን አየ።

"ተዪው፣ እንዳለ ይሁን" አለና ቀኝ እጁን ከነዘንጉ ከፊቱ አስቀድሞ አማቹ ወደቆመበት ድልድይ ወረደ።