እጅጌው ያጠረ ካፖርት

«ሻይሽን ጠጪ፤ ሲቀዘቅዝ ማንም አይወደውም» አሉ አክስቷ። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን አልነካችውም። እግሯን የሟች እናቷ የልብስ ሳጥን ላይ እንደጫነች ሲስተርን ታያለች።

ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የሟች ጥንድ። የካቶሊክ ቁምስናው በጎ ፈቃደኞች ድሀ ቤት የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነውና፣ እኒህ ሁለት አሮጊቶች እንደ በሬ ተጠምደው ነው የኖሩት። ሰፈሩ «በር አንኳኪዎቹ» ይላቸዋል። የአልጋ ቁራኛ ያገላብጣሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፣ ጧሪ ላጣ ሾርባ ያደርሳሉ። በየትኛው በር ምን እንደሰጡ ግን ለቄሱም፣ ለባላቸውም፣ ለልጃቸውም አይናገሩም። ደንባቸው ነው። ከመሃላቸው አንዷ ስትሞት ደግሞ ልብሷ ሳይውል ሳያድር ለድሀ ይከፋፈላል። ይኼም ደንባቸው ነው፤ ሲስተርን ዛሬ ከለቀስተኛው ቀድሞ ያመጣቸውም እሱ ነው።

«ካፖርቱ የት እንደገባ ሳይነገረኝ ከዚህ ሳጥን መሐረብ አይወጣም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ካፖርቱን የሰፋችው እሷ ናት። የደንበኛ ሥራ እያስጠበቀች፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ መርጣ፣ ገበሩን በእጇ ይዛ፣ ኮሌታው አልተኛ ሲላት እየተረተረች እንደገና ሰፍታ። እናቷ አንድ እሑድ ለብሳው ቅዳሴ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ካፖርቱን ያየው የለም። ስትጠየቅ «ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ» ትላለች። ብርዱ ገባ፤ እሷ ክርኑ ባለቀ ሹራብ እየሳለች በር ስታንኳኳ ከረመች። ልጇ «ካፖርቱስ፣ እማ?» ስትላት «ሞቆኛል» ትላለች። ሳንባ ምች ሞቆኛል ያለችውን አልሰማትም፤ ይዟት ሄደ። ከዚህ የባሰ ክፉ ቀን የለም ብላ ልጅቷ ለመጨረሻው ልታለብሳት ቤቱን ብታገላብጥ፣ ካፖርቱ የለም። እናቷ በዚያው ሹራብ ተቀበረች።

የመጣው ሁሉ «ቅድስት ነበረች» ይላል። ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ትሰማለች። ቅድስት ለጎረቤት ነው የምትመቸው፤ አንድ ቤት አብሯት ያደገ ይጠየቅ።

የመጀመሪያ ቁርባኗ ቀን የነጭ ቀሚሷ ዘርፍ ተተርትሮ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር። እናቷ የለችም። ሽባ የሆነ ሽማግሌ ልታጥብ በማለዳ ወጥታለች። ልጅቷ ከጎረቤት መርፌ ለምና፣ ጣቷን እየወጋች፣ እያለቀሰች ራሷ ሰፋችው። ሰው የእጅ ሙያ ከእናቱ ይማራል ይባላል፤ እሷም ከእናቷ ነው የተማረችው፤ ከመቅረቷ። እናቷ ለእሷ ብላ መርፌ ይዛ አታውቅም።

ሲስተር መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያዞሩ ዝግ ብለው ተናገሩ። «ደንቡን ያስከበረችን እናትሽ ራሷ ናት። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ነው ቃሉ።»

«ግራዋ እኔ ነኛ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መልሱን አክስቷ ሰጡ። እህታቸው ዱሮም እንዲሁ እንደነበረች፣ በልጅነታቸው የእሳቸውን ጫማ ለለማኝ ሰጥታ እሳቸውን ባዶ እግራቸውን ትምህርት ቤት እንደላከቻቸው፣ መንግሥተ ሰማያት ከገባች የገባችው በእሳቸው ጫማ እንደሆነ አወሩ። የተሰበሰበው ሰው ለቅሶ ቤት መሆኑን እስኪረሳ ሳቀ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ሲስተር ቀና ብለው የመጣውን ሰው እንዳዩ ተነሡ፤ ሻያቸው ተደፋ። ሮጠው በሩን በሰውነታቸው ሞሉት። «ዛሬ ሰው በዝቷል፤ ነገ ብትመጪስ» ሲሉ ተሰማ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኩ የኖሩ ሴትዮ ድሀ ከበር ሲመልሱ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

ልብስ ሰፊዋ በሲስተር ክንድ ሥር አጮልቃ ኮሌታውን አየችው። የገዛ እጇን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም።

«ያስገቧት፣ ሲስተር።»

የገባችው ድንክ የምታህል ሴት ነች። ለቀብሩ አለመድረሷን፣ ባሏ ከወገቡ በታች ስለማይንቀሳቀስ የሚጠብቅላት ሰው እንዳልነበራት እየተናገረች ለያንዳንዱ ጎንበስ አለች። ካፖርቱን ቦርሻዋለች፤ ከላይ እስከታች ቆልፋዋለች። ለእማማ ለቅሶ ያላትን ጥሩ ልብስ ለብሳ መምጣቷ ነው። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሲስተር እንደቆሙ ቀሩ።

«ጥሩ ካፖርት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እማማ ናቸው ያመጡልኝ። አንዲት ሀብታም ሴት ጠቧት ለቁምስናው ሰጥታው ነው አሉኝ።» ሴትዮዋ እጅጌዋን ዘረጋች። «ረዝሞብኝ ደግሞ፣ ቁጭ ብለው ራሳቸው አሳጠሩልኝ። ወይ ስፌት! ከምሳ እስከ ማታ ሲታገሉ ዋሉ፤ ጣታቸውን ወግተው ወግተው። ልጅዎ ልብስ ሰፊ አይደለች ወይ፣ ለሷ አይሰጧትም ብላቸው፣ አይ፣ እሷን አትንኪብኝ፣ ሥራ በዝቶባታል አሉ።»

ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን ገለበጠችው። በጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ላይ ነጭ ክር። አንዱ ርምጃ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰካራም። መጨረሻው ላይ ባቄላ የሚያህል ቋጠሮ። ለባዕድ ሰው፣ ከምሳ እስከ ማታ።

አሁን አንድ ቃል ብትናገር ሴትዮዋ ካፖርቱን እዚያው አውልቃ እጇ ላይ ታስቀምጥላታለች፤ ከዚያም በቀጭን ቀሚሷ ብርዱ ውስጥ ትወጣለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አክስቷም ኮሌታውን አውቀውት ኖሮ አፋቸውን ከፈቱ፤ «ይኼ እኮ...»

«አክስቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ሻይሽን ጠጪ። ሲቀዘቅዝ ማንም አይወደውም።»

መቀሷን፣ መርፌዋንና ጥቁር ሰማያዊ ክር አስመጣች። እጅሽን አምጪው አለቻት። ሴትዮዋ እንደለበሰችው፣ እዚያው ለቀስተኛ መሃል፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ተረተረችው፤ ከዚያ ሁለቱንም እጅጌ አጥፋ ሰፋች፣ ስፌቱ ከላይ እንዳይታይ አድርጋ። ፊቷ አልተፈታም። ሴትዮዋ ተመርቆ የማያልቅ ምርቃት መርቃት ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ አሜን አላለችም። ከዚያ እግሯን ከሳጥኑ ላይ አንሥታ፣ በተረከዟ ወደ ሲስተር ገፋችው።

ሌላ ለቀስተኛ ገባና እግዜር ያጥናሽ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ነጩ ክር ከነቋጠሮው መዳፏ ውስጥ ነበር። ቀኝ እጇን እንደጨበጠች ግራዋን ሰጠችው።